ከስቶ የመጣ ኢል እስከ መጀመሪያው ጉርሻ፦ የአሠራር መመሪያ

አዲስ የገዙት ኢል፣ ማለትም በአኳሪየም የሚያረቡት እንደ እባብ ረጅም ዓሣ፣ ሆዱ ወደ ውስጥ ገብቶ፣ ጀርባው ሾሎ፣ ጭንቅላቱ ከገላው ገዝፎ ሲታይ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያስበው ስለ ምግብ ነው። ትል ገዝቶ ይጨምራል፤ ኢሉ አይነካውም። ሌላ ዓይነት ይሞክራል፤ ያም ሳይበላ አድሮ ይበሰብሳል፣ ውኃው ይበላሻል፣ ኢሉ ይብስ ይሸሸጋል። በሦስተኛው ቀን ደግሞ መድኃኒት ይጨመራል። ከረሃቡ ይልቅ ይህ ጥድፊያ ነው ብዙ ጊዜ የሚጎዳው።

ትክክለኛው ቅደም ተከተል መደበቂያ፣ ከዚያ ውኃ፣ ከዚያ ምግብ ነው፤ መድኃኒት የመጨረሻው ነው። ኢል ሥጋት ካልለቀቀው አይበላም። ሥጋቱን ሳያነሱ ምርጥ ትል ቢያቀርቡለትም ትሉ አሸዋው ላይ ሞቶ ያድራል።

የትኛው ኢል?

ይህ መመሪያ በየዓሣ ሱቁ ፋየር ኢል፣ ታየር ትራክ ኢልና ፒኮክ ኢል እየተባሉ ስለሚሸጡት ባለ እሾህ የጨዋማ ያልሆነ ውኃ ዓሦች ነው። ስማቸው ኢል ይሁን እንጂ ከእውነተኞቹ ኢሎች ጋር የቅርብ ዝምድና የላቸውም፤ ማስታሴምቤሊዴ የሚባል ራሱን የቻለ ቤተሰብ ናቸው። በገበያ የሚገኙት በብዛት ከደቡብና ከደቡብ ምሥራቅ እስያ የመጡ ሲሆኑ፣ ዘመዶቻቸው በአፍሪካም አሉ፤ ታንጋኒካ ሐይቅ ብቻውን ብዙ ዝርያ ይዟል። መለያቸው ሁለት ነገር ነው፦ ጀርባቸው ላይ በተርታ የቆሙ አጫጭር እሾሆች፣ እንዲሁም እንደ ትንሽ ኩምቢ የሚንቀሳቀስ ሹል አፍንጫ። የእርስዎ ዓሣ ሞሬይ ኢል ከሆነ የባሕር ዓሣ ስለሆነ ከዚህ በታች ያለው የውኃ፣ የጨውና የመድኃኒት መጠን አይሠራለትም።

ለምን ከስተው ይመጣሉ? ብዙዎቹ ከወንዝ የተያዙ ናቸው። ከአጥማጁ ወደ ላኪው፣ ከላኪው ወደ አስመጪው፣ ከዚያ ወደ ሱቁ ሲተላለፉ ሳምንታት ያልፋሉ። ኢል ደግሞ በሌሊት፣ በማሽተት እየተመራ የሚበላ ዓሣ ነው። ሱቅ ውስጥ የሚገጥመው አሸዋ የሌለው ባዶ መስታወት፣ ቀኑን ሙሉ የሚበራ መብራት፣ ከላይ የሚጣል ደረቅ ምግብና ያንን በሰከንዶች ውስጥ የሚጨርሱ ፈጣን ዓሦች ናቸው። መክሳቱ አይገርምም።

የማገገሚያ አኳሪየም ማዘጋጀት

ኢሉን ከሌሎች ዓሦች ጋር ወዲያው አይቀላቅሉ። ቢያንስ ለ4 ሳምንት ብቻውን ይቆይ፤ በሽታ ይዞ እንደሆነ ይታያል፣ ምግቡንም የሚሻማው የለም።

እስከ 25 ሳንቲ ሜትር ለሚደርስ ኢል ከ80 እስከ 100 ሊትር የሚይዝ አኳሪየም ይበቃል። ኢል የሚኖረው መሬት ላይ ስለሆነ ከረጅም ይልቅ ሰፊ ወለል ያለውን ይምረጡ።

ከሁሉም በላይ አሸዋው ላይ ይጨነቁ። 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ጥልቀት፣ ቅንጣቱ ከ1 ሚሊ ሜትር ያነሰ፣ ጠርዙ የተሞረደ አሸዋ ያስፈልጋል። ኢሉ በአፍንጫው ቀድሞ ገብቶ ሙሉ ገላውን ይቀብራል፤ ቅርፊቱ በጣም ጥቃቅን ስለሆነ ሹል ጠጠር ቆዳውን ይልጠዋል፣ በተላጠው በኩልም ባክቴሪያና ሻጋታ ይገባል። ለግንባታ የሚሸጥ አሸዋ ብዙ ጊዜ ሹል ስብርባሪ ይገኝበታል። እርጥቡን አሸዋ በመዳፍዎ መካከል ጠበቅ አድርገው ይሹት፤ ከቧጠጠዎት ለኢሉም አይሆንም። ያገኙትን አሸዋ ውኃው ጠርቶ እስኪወርድ ደጋግመው ይጠቡ።

ከአሸዋው ሌላ ሁለት ወይም ሦስት የፒቪሲ ቱቦ ቁራጮች ያስቀምጡ፤ የውስጥ ስፋታቸው የኢሉን ውፍረት እጥፍ ያህል ይሁን፣ ሁለቱም ጫፍ ክፍት ይሁን። የተቆረጠውን ጠርዝ በአሸዋ ወረቀት ያለስልሱ። አንዱን ቱቦ ምግብ በሚያቀርቡበት ጥግ ያድርጉት፤ ኢሉ ጭንቅላቱን ብቻ አውጥቶ መብላት ሲችል ይደፍራል።

ክዳኑ ቀዳዳ አይኑረው። የማሞቂያው ገመድና የአየር ቱቦው የሚያልፉበትን ክፍተት እንኳ በስፖንጅ ይድፈኑ፤ ጭንቅላቱ የሚያልፍበት ቀዳዳ ሁሉ ኢሉን ሙሉ በሙሉ ያሳልፋል። አዲስ የመጣ ኢል በመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች መውጫ ይፈልጋል፤ ጠዋት ወለል ላይ ደርቆ የሚገኘውም በእነዚሁ ቀናት ነው።

ማሞቂያው ሙቀቱን 26 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ ይያዝ። በፕላስቲክ መረብ ወይም በተበሳሳ ቱቦ ይሸፍኑት፤ ኢል ሞቃት ነገር ላይ ተጠምጥሞ የመተኛት ልማድ ስላለው ባልተሸፈነ ማሞቂያ ሆዱ ይቃጠላል። በሞቃት ቤት ለአንድ ሊትር 1 ዋት ይበቃል። እንደ አዲስ አበባ ሌሊቱ በሚቀዘቅዝበት ቦታ ግን 1.5 ዋት ያስቡ። ለ100 ሊትር አንድ ባለ 150 ዋት ከሚገዙ ሁለት ባለ 75 ዋት ቢያደርጉ ይሻላል፤ አንዱ ቢበላሽ ሌላው ይይዛል፣ አንዱ ሳይጠፋ ቢቀርም ብቻውን ውኃውን አያፈላውም።

ማጣሪያው በአየር ፓምፕ የሚሠራ ስፖንጅ ፊልተር ይሁን፤ ኢሉን አይስብም፣ ውኃውን አያናውጥም። ስፖንጁ ግን አዲስ መሆን የለበትም። ከዓሣው ቆሻሻ የሚወጣውን መርዛማ አሞኒያ ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይትን ወደ ናይትሬት የሚለውጡት ባክቴሪያዎች በአዲስ ስፖንጅ ላይ በበቂ ቁጥር እስኪራቡ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃሉ። ስለዚህ ሌላ አኳሪየም ካለዎት ስፖንጁን አስቀድመው እዚያ ውስጥ ያኑሩት፤ ከሌለዎት በሽታ የሌለበት አኳሪየም ካለው ወዳጅ ያገለገለ ስፖንጅ ይጠይቁ። ስፖንጁ በመንገድ ላይ እንዳይደርቅ፣ በቧንቧ ውኃም እንዳይታጠብ።

ከፍ ባለ አገር ለምትኖሩ አንድ ነገር እንጨምር። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች አየሩ የሳሳ ነው። በ25 ዲግሪ ያለ ውኃ በባሕር ወለል ከፍታ በሊትር 8 ሚሊ ግራም ያህል ኦክስጅን ሲይዝ፣ አዲስ አበባ ላይ 6 ሚሊ ግራም ገደማ ነው የሚይዘው። ለቆላ የተጻፈ መመሪያ ላይ "አንድ የአየር ድንጋይ (የፓምፑን አየር በጥቃቅን አረፋ የሚበትን ድንጋይ) ይበቃል" ካለ እዚህ ሁለት ያድርጉ። መብራት ሲጠፋም ቀድሞ የሚያልቀው ኦክስጅኑ ነው፤ በባትሪ የሚሠራ ትንሽ የአየር ፓምፕ ያዘጋጁ። መስታወቱን በብርድ ልብስ ይጠቅልሉ፣ ለብ ያለ ውኃ የሞላ የተከደነ ፕላስቲክ ጠርሙስ ውኃው ላይ ያንሳፉ። በዚያች ሌሊት ምግብ አይስጡ።

ውኃው

አሞኒያ 0፣ ናይትራይት 0፣ ናይትሬት በሊትር ከ20 ሚሊ ግራም በታች፣ ፒኤች (የውኃው አሲድነት መለኪያ) ከ6.5 እስከ 7.5። በጠብታ የሚሠራ መመርመሪያ ይግዙ፤ ለዚህ ሥራ ከማንኛውም መድኃኒት ይልቅ የሚጠቅመው እሱ ነው።

የቧንቧ ውኃ ክሎሪን ብቻ ካለበት ሰፊ አፍ ባለው ባልዲ የአየር ድንጋይ እየነፋበት 24 ሰዓት ቢያድር ክሎሪኑ ይወጣል። ክሎሪንና አሞኒያ የተዋሐዱበት ክሎራሚን ግን በማሳደር አይጠፋም። ዋሽንግተን ዲሲና በርካታ የአሜሪካ ከተሞች ክሎራሚን ነው የሚጠቀሙት፤ እዚያ ያላችሁ ክሎራሚንን የሚሰብርና የሚቀረውን አሞኒያ የሚይዝ የውኃ ማከሚያ ተጠቀሙ። ተራው የክሎሪን ማጥፊያ ሶዲየም ታዮሰልፌት ክሎሪኑን ቢያጠፋም አሞኒያውን ውኃ ውስጥ ይተወዋል።

በየሁለት ቀኑ ከ20 እስከ 25 በመቶ ውኃ ይቀይሩ። አዲሱ ውኃ ከቀድሞው በሙቀት ከ1 ዲግሪ በላይ አይለይ፤ በእጅ አይገምቱ፣ ቴርሞሜትር ይንከሩ።

ኢሉን ማስገባት

መብራት ያጥፉ፣ መጋረጃ ይዝጉ። ኢሉ ከሱቅ የመጣበትን ላስቲክ ሳይከፍቱ ለ15 ወይም 20 ደቂቃ ውኃው ላይ ያንሳፉት።

ከዚያ በኋላ የሚያደርጉት ኢሉ በላስቲክ ውስጥ በቆየበት ጊዜ ይወሰናል። ከአንድ ሁለት ሰዓት በታች ከሆነ ላስቲኩን ከፍተው በየ5 ደቂቃው አንድ የቡና ሲኒ የአኳሪየሙን ውኃ ለ40 ደቂቃ ያህል ይጨምሩበት። ረጅም መንገድ ተጉዞ ብዙ ሰዓት የቆየ ከሆነ ግን አያዝግሙ። በተዘጋው ላስቲክ ውስጥ የተጠራቀመው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ፒኤቹን ዝቅ አድርጎ አሞኒያውን ብዙም በማይጎዳ መልኩ ይዞታል። ላስቲኩ ሲከፈት ጋዙ ይወጣል፣ ፒኤቹ ይነሣል፣ አሞኒያውም ወደ መርዛማ መልኩ ይለወጣል። ስለዚህ ሙቀቱን ካስተካከሉ በኋላ ከፍተው በደቂቃዎች ውስጥ ያሳልፉት።

መረብ አይጠቀሙ። የጀርባው እሾህ መረቡ ላይ ተጠላልፎ ዓሣው ሲታገል ቆዳው ይቀደዳል። በፕላስቲክ ጎድጓዳ ዕቃ ይቅዱት፣ ወይም ወደ ቱቦ ውስጥ እንዲገባ አድርገው ሁለቱን ጫፎች በእጅዎ ይዝጉና ያንሱት። የላስቲኩን ውኃ አኳሪየሙ ውስጥ አያፍስሱ።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት

ምንም አያድርጉ። ይህ ከሁሉም ደረጃ ይልቅ ከባዱ ነው። መብራት የለም፣ መስታወት ማንኳኳት የለም፣ አሸዋ እያገላበጡ "አለ ወይስ ሞቷል?" ብሎ መፈለግ የለም። ኢል በቀብሩ ሙሉ ቀን፣ ሁለትና ሦስት ቀንም ሊሰወር ይችላል። የፊት ለፊቱን መስታወት በወረቀት ይሸፍኑ። በቀን አንድ ጊዜ ውኃውን ብቻ ይመርምሩ።

ሥጋ የያዘ ኢል ከሆነ 48 ሰዓት ሙሉ ያለ ምግብ ይቆይ፤ አይጎዳውም። በጣም የከሳ ከሆነ ግን ከ24 ሰዓት በኋላ፣ በሁለተኛው ሌሊት፣ ጥቂት ሕይወት ያለው ምግብ ማቅረብ ይቻላል።

ምን ይብላ?

ለከሳ ኢል ከመሬት ትል የሚበልጥ ምግብ የለም። ይንቀሳቀሳል፣ ሽታው ኃይለኛ ነው፣ ገንቢ ነው፣ በየጓሮው ይገኛል። ማዳበሪያ ወይም ፀረ ተባይ ካልነካው፣ የመኪና ዘይትና የመጸዳጃ ቤት ፍሳሽ ካልደረሰበት መሬት ይቆፍሩ። ትሎቹን እርጥብ ወረቀት ባለበት ዕቃ ውስጥ 24 ሰዓት ያቆዩ፤ ሆዳቸው ውስጥ ያለውን አፈር ያወጣሉ። ከዚያ አጥበው ከኢሉ አፍ ስፋት በማይበልጥ ውፍረት፣ በ1 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ይክተፉ። የባለ እሾህ ኢል አፍ ገላውን ሲያዩ ከሚገምቱት በጣም ያነሰ ነው፤ "አይበላም" ከተባለው ኢል ስንቱ ትሉ ስለበለጠው ብቻ ተወው። በማዳበሪያ ክምር ውስጥ የሚራባው ቀለበት ቀለበት ያለው ቀይ ትል ሲነካ ቢጫ መራራ ፈሳሽ ስለሚያወጣ ብዙ ዓሦች ይተፉታል፤ ለመጀመሪያ ጉርሻ አይምረጡት።

ለትንንሽ ፒኮክ ኢሎች የወባ ትንኝና የሌሎች ትንኞች እጭ ጥሩ ነው። በዝናብ ውኃ በተሞላ ባልዲ ውስጥ ይገኛል፤ በጥሩ መረብ አጥልለው፣ አጥበው ይስጡ። የተረፈው ባልዲ ውስጥ ትንኝ ሆኖ እንዳይበር በየሁለት ቀኑ ይድፉት። ከሱቅ የሚገዛው የበረደ ብለድ ወርም (ቀይ የትንኝ መሰል ነፍሳት እጭ)፣ ማይሲስ (ሽሪምፕ መሰል ጥቃቅን እንስሳ) እና የጨው ውኃ ሽሪምፕም ይሆናል፤ ቀልጦ፣ በወንፊት ታጥቦ።

ትልልቆቹ ፋየር ኢልና ታየር ትራክ ኢል በኋላ አጥንት የሌለው የቆሮሶ ሥጋ በቀጭኑ ተሰንጥቆ ሊሰጣቸው ይችላል። ሥጋው አስቀድሞ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ ለ7 ቀን ይቀዝቅዝ፤ ጥገኛ ትል ካለበት ይሞታል። ጥሬ ሽሪምፕና አንዳንድ ጥሬ ዓሦች ቪታሚን ቢ1ን የሚያፈርስ ኢንዛይም ስላላቸው ብቻቸውን የዘወትር ምግብ አይሁኑ።

የበሬ ሥጋ፣ የበግ ሥጋ፣ ዶሮ አይሆንም። ለእኛ ጥሬ ሥጋ የክብር ምግብ ስለሆነ ለደካማው ዓሣም ኃይል የሚሰጥ ይመስላል። የከብት ስብ ግን በ26 ዲግሪ ውኃ ውስጥ ይረጋል፤ የዓሣው አንጀት በደንብ አይፈጨውም።

የመጀመሪያው ጉርሻ

ጊዜው የክፍሉ መብራት ከጠፋ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት በኋላ ነው። ቦታው ሁልጊዜ ያው ይሁን፦ ከቱቦው አፍ ፊት፣ ትንሽ ጠፍጣፋ የሸክላ ሰሐን ወይም ማሰሮ ክዳን ላይ። ምግቡ አሸዋ ውስጥ አይገባም፣ የተረፈውንም ጠዋት ማንሳት ይቀላል።

ምግቡን ከላይ አይጣሉት። በረጅም ወረንጦ ይዘው፣ ወይም መርፌው በወለቀ ሰፊ ሲሪንጅና በቀጭን ቱቦ ቀስ ብለው ወደ ሰሐኑ ያውርዱት። የቀለጠው ብለድ ወርም ጭማቂ ካለ ሁለት ጠብታ ከቱቦው አፍ አጠገብ ይልቀቁ፤ ሽታው ቀድሞ ይጠራዋል። ከዚያ እጅዎን አውጥተው ራቅ ይበሉ።

በደብዛዛ ቀይ ብርሃን ከርቀት ቢያዩ መጀመሪያ የሚታየው አፍንጫው ነው። አሸዋው ላይ ሁለት ጥቃቅን ቱቦዎች ብቅ ብለው ግራና ቀኝ ይወዛወዛሉ። ቀጥሎ ሦስት አራት ሳንቲ ሜትር ይወጣና ይቆማል። ትሉ ጋ ሲደርስ ወዲያው አይነክሰውም፤ በአፍንጫው ይነካዋል፣ ወደ ኋላ ይላል፣ ደግሞ ይነካዋል። ከዚያ በአንድ ንጥቂያ ይይዘውና እንደያዘው በጭራው ቀድሞ ወደ አሸዋው ይመለሳል። ይህ ሁሉ 10 ደቂቃ ሊፈጅ ይችላል። በመሀል ባትሪ ካበሩ ወይም ክዳኑን ከነኩ ዛሬ አልቋል፤ ነገ ይሞክሩ።

ሁለት ሦስት ሌሊት ከበላ በኋላ ትሉን በወረንጦ እንደያዙ ቱቦው አፍ ፊት ቀስ ብለው ሊያወዛውዙት ይችላሉ። ቀርቦ ካልወሰደ ሰሐኑ ላይ ይተዉለት። ይዞ አፍ ውስጥ በግድ ማጉረስ ከቶ አይደረግ፤ በአንድ ጊዜ ትግል የሚያጠፋው ጉልበት ከሚያገኘው ይበልጣል፣ አፉም ይቆስላል።

መጠን

የሚከተለው 20 ሳንቲ ሜትር ገደማ ላለ ኢል ነው። ለረጅም ጊዜ የተራበ አንጀት በአንዴ ብዙ ቢገባበት መልሶ ይተፋል ወይም ሆዱ ይነፋል፣ ስለዚህ ቢጓጓም አይቸኩሉ።

1. በመጀመሪያዎቹ 3 የሚበላባቸው ሌሊቶች፦ 1 ሳንቲ ሜትር የሆነ 2 ቁራጭ የመሬት ትል፣ ወይም ከ8 እስከ 10 ብለድ ወርም።
2. እስከ 7ኛው ሌሊት፦ 4 ወይም 5 ቁራጭ፣ በየሌሊቱ።
3. በ2ኛውና በ3ኛው ሳምንት፦ ሆዱ በትንሹ ክብ እስኪል፣ በየሌሊቱ። ከጎን ሲታይ ከወጣ በዝቷል፤ በማግሥቱ ይዝለሉት።
4. ሥጋ ከያዘ በኋላ፦ በሳምንት 3 ወይም 4 ጊዜ።

ጠዋት ጠዋት የተረፈውን ቆጥረው ያንሱ። ስንት እንዳስገቡና ስንት እንደቀረ በደብተር ይጻፉ፤ ትሉን አሸዋ ውስጥ ገብቶ ሳያዩት ቀርተው "በላ" ብሎ መጽናናት የተለመደ ስሕተት ነው። የተቀበረ የሞተ ትል መኖሩን የሚነግርዎት የአሞኒያው መመርመሪያ ነው።

ውፍረቱን ለመከታተል ከውኃ አውጥተው አይመዝኑ። በየሳምንቱ ከላይ ሆነው ፎቶ ያንሱት። ከጭንቅላቱ ጀርባ ያለው ገላ ከጭንቅላቱ ከቀጠነ ገና ነው፤ እኩል ሲሆን መንገድ ይዟል፤ ከጀርባው መካከል የታየው ሸንተረር ሲጠፋ ድኗል።

አሁንም ካልበላ

ወፍራም ትልቅ ኢል ሁለት ሳምንት ቢጾም አያስደነግጥም። የከሳ ግን ከ7 እስከ 10 ቀን ካለፈው ምክንያቱን በተርታ መፈለግ አለበት። ውኃውን ይመርምሩ፤ አሞኒያ ወይም ናይትራይት ከ0 በላይ ከሆነ ሌላ ምክንያት አይፈልጉ፣ ያንን ያስተካክሉ። ቀጥሎ ብርሃን፦ በመስኮት የሚገባ የመንገድ መብራት እንኳ ይከለክለዋል። ቀጥሎ ንዝረት፦ አኳሪየሙ ከቴሌቪዥን ወይም ከሚዘጋና ከሚከፈት በር አጠገብ ነው? ቀጥሎ የምግቡ መጠንና ዓይነት፦ የተከተፈውን ትቶ ሙሉ ቀጭን ሕያው ትል የሚወስድ አለ፣ ትልቁን ትቶ የትንኝ እጭ ብቻ የሚቀበል አለ። አንዱን ዓይነት 3 ሌሊት ሳይሞክሩ ወደ ሌላ አይዝለሉ። በመጨረሻ አፉን ይመልከቱ፤ በመጓጓዣ ወቅት መስታወት እየገፋ አፍንጫውን ያቆሰለ ኢል ቁስሉ እስኪደርቅ አይበላም።

እየበላ የማይወፍር ከሆነ

በየሌሊቱ እየበላ ከ3 ሳምንት በኋላም ከከሳ፣ ዓይነ ምድሩ ነጭና እንደ ክር ረጅም ከሆነ፣ የውስጥ ትል ያስቡ። ከፊንጢጣው ቀያይ ክሮች ብቅ ካሉ ካማላነስ የተባለው ትል ነው።

ለክብ ትሎች ሌቫሚሶል ይሠራል፤ መጠኑ በሊትር 2 ሚሊ ግራም ነው። ትክክለኛውን የውኃ መጠን ያስሉ፦ ርዝመት ሲባዛ በስፋት ሲባዛ በውኃው ከፍታ፣ በሳንቲ ሜትር፣ ለ1,000 ሲካፈል። 80 በ35 በ30 ሲሆን 84 ሊትር ይመጣል፤ አሸዋና ቱቦው የያዘውን ሲቀንሱ 75 ያህል ነው፣ ስለዚህ 150 ሚሊ ግራም ያስፈልጋል። ባለ 10 በመቶ ፈሳሽ በአንድ ሚሊ ሊትር 100 ሚሊ ግራም ስላለው 1.5 ሚሊ ሊትር በሲሪንጅ ይለኩ። ከሰል ያለበት ማጣሪያ ካለ ያውጡ፣ መድኃኒቱን ብርሃን ስለሚያፈርሰው መስታወቱን ይሸፍኑ። ከ24 ሰዓት በኋላ አሸዋውን በሳይፈን (ውኃ መሳቢያ ቱቦ) በደንብ ይምጠጡ፤ ሽባ ሆነው የወጡት ትሎች እዚያው ናቸው። ግማሹን ውኃ ይቀይሩ። ከ2 እስከ 3 ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ይድገሙት፤ የመጀመሪያው ዙር እንቁላሉንና ገና ያልደረሰውን አያጠፋም።

ከከብት መድኃኒት ቤት ሲገዙ ጽሑፉን ያንብቡ። ቴትራሚሶል ሌቫሚሶል አይደለም፤ ትሉን የሚመታው ግማሹ ብቻ ስለሆነ መጠኑ አንድ አይደለም። ከኦክሲክሎዛናይድ ጋር የተቀላቀለውን ደግሞ ጨርሶ አይንኩት፤ ለዓሣ መርዝ ነው። ሌቫሚሶል የኮሶ ትልን አይነካም፤ ለእሱ ፕራዚኳንቴል በሊትር 2 ሚሊ ግራም ያገለግላል። ቀይ ትል በዓይን ካልታየ በቀር ኢሉ ቢያንስ ለአንድ ሳምንት ሳይበላ ትል ማስወገጃ አይስጡ፤ ባዶና ደካማ አንጀት የሞቱትን ትሎች ገፍቶ ማውጣት ይቸግረዋል።

ቆዳና ነጭ ነጠብጣብ

ባለ እሾህ ኢል ነጭ ነጠብጣብ ቶሎ ይይዘዋል፤ ለበሽታው የሚሸጡትን መዳብ፣ ማላካይት ግሪንና ፎርማሊን ያለባቸውን መድኃኒቶች ግን አይችልም። ሙቀቱን በቀን ከ1 እስከ 2 ዲግሪ እየጨመሩ 30 ዲግሪ ያድርሱ፣ ለ14 ቀን ያቆዩ፣ አየሩን ይጨምሩ፤ ሞቃት ውኃ ኦክስጅን ያንሰዋል፣ በደጋ ደግሞ ከመነሻውም ትንሽ ነው። አሸዋውን በየሁለት ቀኑ ይምጠጡ። ኢሉ ውኃው ገጽ ላይ እየመጣ አየር ከጎረሰ ሙቀቱን ወደ 28 ይመልሱ።

ለተላጠ ቆዳና ለናይትራይት መመረዝ በሊትር 1 ግራም ጨው ይረዳል፤ በጨው ውስጥ ያለው ክሎራይድ ናይትራይት በስንጥቡ በኩል እንዳይገባ ይሻማዋል። ለ75 ሊትር 75 ግራም፣ በሌላ ዕቃ ሟሙቶ፣ በ24 ሰዓት ውስጥ በ3 ተከፍሎ ይጨመር። የጨው ቅንጣት አሸዋው ላይ ከወደቀ ተቀብሮ የተኛውን ኢል ያቃጥላል።

ወደ በረደ ምግብና ወደ ዋናው አኳሪየም

ከ3ኛው ሳምንት በኋላ፣ ከ5 ቁራጭ 1ዱ የበረደና የቀለጠ ይሁን። ያለ ማመንታት ሲወስደው በየ4 ቀኑ አንድ ይጨምሩ። ካቆመ አንድ ደረጃ ወደ ኋላ ይመለሱ። ሕያው ትልን ሙሉ በሙሉ አይተዉት፤ በሳምንት አንድ ቀን ይስጡት።

ወደ ዋናው አኳሪየም የሚዛወረው ቢያንስ 4 ሳምንት ሲሞላው፣ በሁለት ተከታታይ ሳምንት ፎቶ ሲወፍር ከታየ፣ ከወረንጦ መብላት ከለመደ ብቻ ነው። ሲዛወር ቱቦውንና የምግብ ሰሐኑን አብረው ያዛውሩ፤ በአዲሱ ቦታ ያንን ሰሐን ፈልጎ ይመጣል። ጭራ የሚነክሱ ዓሦች ጋር አያኑሩት፤ አፉ የሚበቃውን ትንሽ ዓሣም ይበላል። ፒኮክ ኢል ለዘለቄታው 200 ሊትር ያህል ይበቃዋል፤ ፋየር ኢል ግን በአኳሪየም ውስጥ ከ60 ሳንቲ ሜትር በላይ ስለሚያድግ ከ500 ሊትር በላይ ያስፈልገዋል። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሌሊቶች ሌሎቹን ዓሦች መብራት ሳይጠፋ በአንደኛው ጫፍ አጥግበው ያብሉ፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ፣ በጨለማ፣ በሌላው ጫፍ ላለው ሰሐን የኢሉን ትል ያውርዱ።